የእማማ ኔስቲን ክንድ

ካፔስቴር፣ ጓዴሎፕ ደሴት
ሜይ 30 ቀን 2021

ውድ ናዴዥ፣ የወንድሜ ልጅ፣ የኔም ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የሊዮን ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ካፖርት ደርበሽ ነው የምትወጪው? እኛ፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። እማማም ደህና ናቸው። ዛሬ የእናቶች ቀን ስለሆነ የላክሽላቸውን ቢጫ ቀሚስ ለብሰው ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «የልጅ ልጄ ናት የላከችልኝ» እያሉ ነው። ለፖስተኛው እንኳን ነገሩት፤ ዕቃውን ያመጣው እሱ ራሱ መሆኑን ረስተው።

ስልክ እያለ ወረቀት ላይ መዋላችን ያስቅሽ ይሆናል። ግን የእማማን ትእዛዝ ማን ይሽራል? በፋሲካ በስልክ የተጯጯህነውን ሰምተው «ከእንግዲህ የዚህ የኮሮና ክትባት ነገር በዚህ ቤት በስልክ አይወራም። ጻፉ። ስትጽፉ ቢያንስ ጎረቤት አይሰማም» አሉ። አሁን ደግሞ ነገሩን ወደውታል። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አንድ መስመር ልዝለል ብል «ዓይንሽ ወረደ፣ አፍሽ ግን አልወረደም፤ ተመለሺ» ይሉኛል። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው!

በዚያን ቀን «አንቺስ ወስደሻል ወይ?» ብዬ ስጠይቅሽ ዝም አልሽ። ያኔ ተናድጄ ስለነበር ስልኩን ዘጋሁት እንጂ ዝምታሽ ገብቶኛል። እዚያ አለቆችሽ መሃል ሆነሽ መናገር ይከብድሻል፤ ልብሽ ግን ከኛ ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታሉ ሰብስቦን ዳይሬክተሩ «ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ነርሶች ተከትበው ጨርሰዋል፤ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ሲለን ብድግ አልኩና «እኔ ያሳደግኋት ልጅ ሊዮን ነርስ ናት፤ እሷም አልወሰደችም!» አልኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኩራቴ ነሽ።

የሰፈራችን ሐኪም እቤታችን ድረስ መጥቶ እማማን «ስኳር አለብዎት፣ ዕድሜዎም ገፍቷል፤ ልውጋዎት» አላቸው። «ከልጄ እጅ ካልሆነ አልወጋም» አሉት። «እሺ፣ እሷ ትውጋዎት» ቢል፣ «መጀመሪያ እሷ ራሷ መውሰድ አለባት። የቤታችንን ሥርዓት አታውቅም እንዴ?» አሉት። እሱ ምን ያውቃል! እኔ አልወሰድኩም፣ እሳቸውም አይወስዱም፤ ነገሩ አበቃ።

ያንን እግር የሚያጠብቅ ካልሲ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ጥቁሩን። ዕድሜ ልኩን ኮሪደር ላይ የቆመ እግር አሁን ደመወዙን እየጠየቀኝ ነው።

እመቤታችን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምሽ።

አክስትሽ ሮዝሞንድ


ሊዮን፣ ጁን 20 ቀን 2021

ለአክስቴ ለሮዝሞንድ፣ በረንዳው ላይ ሆነው ለሚሰሙኝም ለእማማ ኔስቲን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እማማ፣ ቀሚሱ ልክዎ በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ እጅጌው አጭር ሆኖ እንዳይበርድዎት ፈርቼ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ማን ይበርደዋል! እዚህ መኖር አእምሮዬን አበላሽቶታል።

አክስቴ፣ የቤቱን ሥርዓት ስታነሺ የትል መድኃኒቱ መጣብኝ። ያ መራራ ቅጠል! ትይዥው የነበረው ማንኪያ፣ ጠርዙ የተጣመመው፣ እስካሁን ይታየኛል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ስጮህ አንቺ «እዪኝ፣ እኔ ልቅመሰው» ትዪና ትጎነጪ ነበር። ፊትሽ እንደ ጨርቅ ሲጨማደድ ሳቄ ያመልጠኛል፤ አፌ በተከፈተበት ደግሞ ትጨምሪዋለሽ። በዚያ ቤት ሳይቀመስ የተሰጠኝ ነገር የለም። እዚህ ሰዎች መድኃኒት ሲያቀብሉኝ እስከ ዛሬ ፊታቸውን አያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ትራም ውስጥ አንዲት ሴት በኛ ቋንቋ ስልክ ስታወራ ሰማሁ። ስለ ጨው ዓሣ ነበር፤ ልጇን «ሳትዘፈዝፊ ትጠብሺዋለሽ? እብድ ነሽ?» እያለቻት። እኔ የምወርድበት አለፈኝ። ሁለት ፌርማታ ተከትያት ሄድኩ። ምንም አላልኳትም፤ ድምፁን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ስትወርድ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቤቴን ካየሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ እኮ።

ሥራ በዝቶብኛል። ከሆስፒታሉ አውጥተው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ መድበውኛል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይሰለፋል። ማታ እጄን ማጠፍ ያቅተኛል። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ለቅዱሳን በዓል ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ኖቬምበር አንድን እቤት ልውል። የአያቴን የአባባ ሲልቬርን መቃብር ዘንድሮ ነጭ ቀለም እኔ ነኝ የምቀባው፤ አትንኩብኝ። ኮረብታው በሙሉ በሻማ ሲበራ፣ ሰዉ መቃብር ላይ ተቀምጦ ሲሳሳቅና ሲበላ፣ እዚህ ለማን ብነግር ያምነኛል? «መቃብር ላይ? በማታ?» ይሉኛል።

ካልሲውን ልኬአለሁ፤ ጥቁሩን። ከረሜላው የእማማ ነው፤ ስኳር የሌለው ነውና አትቆጪ።

ናዴዥ


ካፔስቴር፣ ጁላይ 18 ቀን 2021

ናዴዥ ልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እኛም ደህና ነን። ካልሲው ደርሷል፤ ጌታ ይስጥልኝ። ከረሜላውን እማማ ትራስ ሥር ደብቀዋል፤ ከማን እንደሚደብቁ እንጃ።

ለቅዱሳን በዓል እመጣለሁ ያልሽውን ሳነብላቸው «እሱን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ምሳ በልተን «እስቲ ያቺን ኖቬምበር ያለችበትን ቦታ» አሉ። ማታም እንዲሁ። አሁን ያ መስመር በቃሌ ነው።

ሕጉ ሊወጣ ነው፤ ሰምተሻል። ክትባት ያልወሰደ የጤና ሠራተኛ ከሥራ ይታገዳል። ሌሊት እሑድ ሳንል የሠራነውን፣ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲያነሣ በሽተኛ ተሸክመን የወጣነውን፣ አሁን ወጥ እንደ ነካ ሕፃን «እጅህን ታጥበሃል?» ይሉናል። አድማ መትተን ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆመናል። ከበሮው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። አርሌትን ታስታውሻታለሽ፣ የልብ ክፍሏን ነርስ፣ በገና መዝሙር ቤቱን የምታንቀጠቅጠውን? ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት። ድምፅዋን ሰምተው መኪና የያዙ ሰዎች ቆመው አብረው ይዘፍናሉ።

እዚያ «እነዚህ የደሴት ሰዎች አላዋቂ ናቸው፣ ጥንቆላ ይፈራሉ» እየተባለ እንደሚወራ አውቃለሁ። ቴሌቪዥን አለን። አንድም ሰው ግን አያትሽን ምን እንዳደረጓቸው አያወራም። አባባ በሙዝ እርሻው ላይ ያንን ነጭ ዱቄት በባዶ እጃቸው ነበር የሚበትኑት፤ ለነቀዝ ተብሎ። ተቆጣጣሪው «ምንም አያደርግም፣ እንደ ስኳር ነው» ይላቸው ነበር። እሱ ግን ጓንት ነበረው። እማማ ሸሚዙን በእጃቸው ያጥቡ ነበር፤ ውሃው ነጭ እስኪሆን። ኋላ አባባን በሽታው ሲያነሣቸው፣ ዱቄቱ መርዝ መሆኑን እዚያ ማዶ ያሉት ቀድመው ያውቁ እንደነበር ሰማን። እማማ ያኔ ነው «ሰጪው ራሱ ፊቴ ሳይቀምስ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ምንም አይገባም» ያሉት። ዛሬም ከጓሯችን ጎደሬ ነቅለን አንበላም፤ አፈሩ ተመርምሮ «አትብሉ» ተባልን። በገዛ ጓሮሽ የበቀለ ጎደሬ እያየሽ ከሱቅ መግዛትን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ «አይዟችሁ፣ ምንም አያደርግም» ሲሉኝ የዚያ ሰውዬ ጓንት ነው የሚታየኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ስብሰባው ጽፌልሽ ነበር። ስላንቺ ስላልኩት። አዳራሹ፣ ጭብጨባው... ምንም አላልሽም። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ነገርኩሽ፤ የሌለውንም አነበብኩ። ያ ሰው የሚሰለፍበት አዳራሽ ምን አዳራሽ ነው?

አክስትሽ


ሊዮን፣ ኦገስት 1 ቀን 2021

አክስቴ፤

በእግዚአብሔር ስም ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለእማማም።

ጃንዋሪ ላይ ወስጃለሁ። አዳራሹ የክትባት አዳራሽ ነው፤ እኔ ነኝ የምወጋው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ ከፈለግሽ አንብቢው።

በፋሲካ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ፈርቼሽ ነው እንጂ ካንቺ ጋር ሆኜ አልነበረም። ድምፅሽን የማጣው መሰለኝ። እዚህ ያለኝ ነገር እኮ ያ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በስብሰባው ላይ ያልሽውን ጻፍሽልኝ፤ «ኩራቴ ነሽ» የምትለዋን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስንት ዓመት ነው ያንን ቃል ካንቺ የጠበቅሁት? በውሸት ደረሰኝ።

አክስቴ፣ ያንን ነጭ ዱቄት አልረሳሁም። እኔም በዚያ ጓሮ ነው ያደግሁት። ክትባቱ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቅሁት አንቺ ያስተማርሽኝን ነው፤ «ማን ቀመሰ?» አልኩ። አለቃችን ከሁሉ ፊት ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጓንቱን ያደረገ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ዶክተሮቹ ቀጠሉ፣ እኔም ተከተልኩ። ሦስት ቀን ክንዴ ከበደኝ፣ አንድ ቀን አተኮሰኝ። ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት በዚህ በሽታ የተያዙ ሽማግሌዎች ክፍል ነበርኩ። ልጆቻቸው እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ስልክ እይዝላቸው ነበር፤ ጆሮአቸው ላይ። ልጆቻቸው በስልክ ያለቅሳሉ፣ እነሱ ትንፋሽ የላቸውም፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ «ሰምተውሻል፣ ሰምተውሻል» እላለሁ። ሁልጊዜ የሚታዩኝ እማማ ናቸው። ባሕር ማዶ ሆኜ አንድ ነርስ ስልክ እስክትይዝላቸው ስጠብቅ።

ተቆጪኝ። ጻፊና ተቆጪኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ፤ ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

ልጅሽ ናዴዥ


ካፔስቴር፣ ኦገስት 29 ቀን 2021

ናዴዥ፤

ለመቆጣት ጊዜ የለኝም። አድማውን አቁመን ገብተናል። በሽታው አገሩን ወርሶታል፤ አልጋ አልቆ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ተንበርክኬ ነው መርፌ የምሰካው፣ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ራዲዮ የሞቱ ሰዎችን ስም ሲያነብ ድሮ ቡና ሳይቀዘቅዝ ይጨርስ ነበር፤ አሁን ምሳ ይደርሳል። ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል። ሰው ሌሊቱን ሳይተረትለት፣ ሳይዘፈንለት፣ ያለ ሰው ይቀበራል።

አርሌት ታማ ገብታለች። የኦክስጅን ጭምብሉን ያደረግሁላት እኔ ነኝ። ዓይኗን ታንከራትታለች።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ላኪልኝ። እዚህ ጠፍቷል። ለእማማ ነው። አልታመሙም፤ ግን ማታ ማታ ትንፋሻቸውን ቆሜ አዳምጣለሁ። ወደ ቤት ስመለስ በጓሮ በር ገብቼ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነው የምጠጋቸው፤ እንዲያም ሆኖ እጄን እፈራዋለሁ።

ደብዳቤሽን አላነበብኩላቸውም። «ፖስታ ቤት አድማ ላይ ነው» ብያቸዋለሁ። አላመኑኝም።

ሮዝሞንድ


ሊዮን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2021

አክስቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አቆየሽ፤

መለኪያውን በፈጣን ፖስታ ልኬአለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ላንቺ። ባትሪውን አብሬ አድርጌአለሁ። እማማ ጣታቸው ስለሚቀዘቅዝ መጀመሪያ በእጅሽ አሙቂላቸው፤ አለዚያ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያስደነግጥሻል። ይኼን ላንቺ መንገሬ! ይቅርታ።

አርሌት እንዴት ሆነች? አንድ ቃል ጻፊልኝ። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የጎረቤቴ ሴትዮ «የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አለችኝ። «ከዚያ ይብሳል» አልኳት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ኦገስት አንድ ቀን የጻፍኩትን ለእማማ አንብቢላቸው፤ ሁሉንም። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፤ ግን ይወቁ። ከዚያ ያ ሐኪም ይምጣና ይውጋቸው። ሐኪሙን እንቢ ካሉ ደግሞ... እጅሽን ብቻ ነው የሚያምኑት። ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። እንደ ተከራካሪ አይደለም የምለምንሽ፤ ጠረጴዛው ሥር ተደብቃ እንደነበረችው ልጅ ነው።

ለእማማ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ጭምብልሽን ሳታወልቂ።

ናዴዥ


ካፔስቴር፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021

ውድ ናዴዥ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የበሽታው ማዕበል ጎደለ። አርሌት ወጥታለች፣ በእግሯ ትሄዳለች፤ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ስታወራ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ልጠይቃት ስሄድ ራዲዮኑን ዘጋችው፤ ዘፈን እየተላለፈ ነበር።

እኔም ታግጃለሁ። ደብዳቤው መጣ። ማዕበሉ ሲመጣ «ነይ» አሉኝ፣ ሲጎድል «ሂጂ»። ይሁን። አሁን በረንዳው ላይ ከእማማ ጋር ነኝ፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ሥራ ፈት።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። የኦገስቱንም የአሁኑንም፣ አንድ መስመር ሳልዘል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ቀማሽ ተገኘ። ናዴዥ ትምጣና ትውጋኝ።»

«እማማ፣ ኖቬምበር እኮ ሩቅ ነው! ሐኪሙ ነገ ይመጣል» አልኳቸው።

«ሐኪሙን አላውቀውም።»

«እሺ እኔስ?»

«አንቺ አልቀመስሽም።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ። የስኳር መርፌያቸውን ጠዋት ማታ የምወጋቸው እኔ፣ ጀርባቸውን የማጥበው እኔ፣ ሌሊት ትንፋሻቸውን የማዳምጠው እኔ! ሰባት ዓመት ደጃችንን ያልረገጠች ልጅ እጇ ከእጄ በለጠ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ያንን የማይበላ ጎደሬ በገጀራ ጨፈጨፍኩት።

ትናንት ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ልብስ አሰጣ ነበር፤ ጎረቤታችን ማዳም ፊርሚን በአጥሩ በኩል «ኔስቲን፣ ምነው አትወጊም? ፈራሽ?» አለቻቸው። እማማ ሳቁ። «ምን የሚያስፈራ አለው! ቀን በቀን የምወጋ ሰው። እዚህ ከተወጋሁ ግን ያቺ ልጅ ለምን ትመጣለች? በየዓመቱ ‹እመጣለሁ› ትላለች። ዘንድሮ ክንዴን ይዤባታለሁ» አሏት።

ገባሽ ናዴዥ? ሐኪሙ እየመጣ የሚለማመጣቸው፣ እኔ በመርዙ ነው ብዬ የምከራከርላቸው... እሳቸው ግን አንቺ ናፍቀሻቸው ነው። ሌላ ነገር የለውም። ልብሱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ካልሲም፣ መለኪያም፣ ምንም አትላኪ። አንቺ ነይ። ከዚያ ያሻሽን እንጨቃጨቃለን።

አክስትሽ ሮዝሞንድ


ሊዮን፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2021

ለእማማ ኔስቲን፣ ለአክስቴም፤

እማማ፣ እንደምን አሉልኝ? ይኼን ደብዳቤ አክስቴ ስታነብልዎት እጅዎን ትያዝልኝ።

ፈቃዴ ተሰርዟል። ለቅዱሳን በዓል መምጣት አልችልም። እዚህም እንቢ ብለው ከሥራ የታገዱ አሉ፣ የሰለቻቸውም ጥለው ሄደዋል፤ በኔ ቦታ የሚቆም ጠፋ። አለቃዬን ለመንኳት። «ከኖቬምበር አምስት በኋላ እናያለን» አለችኝ። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰባት ዓመት አይተነዋል። ሻንጣዬን አውጥቼ አልጋው ላይ ከፍቼው ነበር፤ እስካሁን አልዘጋሁትም፤ ከጎኑ ነው የምተኛው።

እማማ፣ አክስቴ አጥር ሥር የሰማችውን ጻፈችልኝ። አይቆጧት። እኔን ለማምጣት መርፌ አያስፈልግም። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ያ በረንዳ ላይ ነኝ። የእርስዎ ወንበር ሲያቃስት፣ ዝናብ ከሙዙ ቅጠል ላይ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ የማዳም ፊርሚን ጣሪያ ላይ፣ ከዚያ የኛ። ስንት ጊዜ እዚያ እንደነበርኩ ልነግርዎት አልችልም። ግን ስመጣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ወዴት ነው የምመጣው? ሌላ ማዕበል ይመጣል። እዚህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እባክዎ አይጠብቁኝ። ይወጉ።

አክስቴ፣ ላንቺ አዲስ የምለው የለኝም። እጅሽ ከእጄ ይቀርባል፤ ይኼው ነው።

ናዴዥ


ካፔስቴር፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2021

ልጄ ናዴዥ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም አለን።

ደብዳቤሽ ረቡዕ ደረሰ። አነበብኩላቸው። እጃቸውን ያዝኩ እንዳልሽው። ሲያልቅ «እሺ» አሉ ብቻ። ቢጫውን ቀሚስ አወለቁና የቤት ልብሳቸውን ለበሱ። እራት አልበላም አሉ። በነጋታው በረንዳ አልወጡም። ሐሙስን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከረሜላው ትራስ ሥር እንዳለ ነው።

አይቻለሁ ናዴዥ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲጠፋ። ማዕበሉ ውስጥ ያየኋቸው በትንፋሽ እጦት ነው፤ እሳቸው ግን ትንፋሻቸው ሞልቶ ነው የሚጠፉብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ክትባቱን ማመን አለማመኔን መጠየቅ ያኔ ተውኩት። አሁንም ጥያቄ አለኝ፤ እንዳይመስልሽ። የተቆጣጣሪው ጓንት ከዓይኔ አልጠፋም። ግን እማማን በማያምኑት ዓለምና በማትመጪው በአንቺ መሃል አስቀምጬ በክርክሬ የማሸንፈው ማንን ነው?

ዛሬ ጠዋት ለአርሌት ደወልኩ። «መኪናሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ወዴት አላለችም። እማማን «ተነሱ፣ እንሄዳለን» አልኳቸው። «ወዴት?» «የትል መድኃኒት ልንጠጣ።» ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቢጫውን ቀሚስ ጠየቁ።

ካፔስቴር ውስጥ አልደፈርኩም፤ ሰው ያውቀኛል፣ ከበሮው ገና ከበሩ አልተነሣም። ወደ ሌላ ከተማ ሄድን። ክትባት ጣቢያው ስንደርስ አርሌት በዚያች በተሰባበረች ድምፅዋ «እኔ ባለፈው ወር ወስጃለሁ። ላንቺ መንገር ፈርቼ ነው» አለችኝ። እንዴ! ሁላችሁም እኔን ትፈሩኛላችሁ ማለት ነው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እማማን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳቸው። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ፣ እጇ ቀላል ናት፣ ወጋችኝ። ምንም አላመመኝም፤ ግን ከልማዴ ነው መሰለኝ ፊቴን እንደዚያ ዘመን አጨማደድኩት። እማማ ሳቁ። ከረቡዕ ወዲህ መሳቃቸው ነበር።

ልጅቷ ወደሳቸው ስትዞር ክንዳቸውን ሸሸጉ። «እሷ» አሉ በአገጫቸው ወደኔ። የጣቢያው ሐኪም፣ ሸምገል ያለ የኛው ሰው ነው፣ አየኝ። «ነርስ ነሽ?» አለኝ። «የታገድኩ» አልኩት። «እኔ የማየው ልጅና እናት ነው» አለና መርፌውን አቀበለኝ። ወጋኋቸው። ጥጡን ስይዝላቸው እንባቸው ወረደ። «አመመዎት?» አልኳቸው።

«አይ። ናዴዥ የምትመጣበት ነገር አለቀ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ግን ካርዱን እየጻፈች፣ ምንም ሳታውቅ፣ «ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ኖቬምበር ሰባት ይመለሱ» አለቻቸው።

እማማ እንባቸውን በቀሚሱ ጫፍ ጠረጉ። «ሁለተኛ አለው?» አሉ። «ለምን ቀድማችሁ አትናገሩም!» ቤት እስክንገባ ሲያንጎራጉሩ ነበር፤ አርሌት መሪውን በጣቷ እየመታች ታጀባቸው ነበር፣ ያለ ድምፅ።

ይኼው አሁን አጠገቤ ተቀምጠው እዚህ ላይ ቃላቸውን ጻፊልኝ ይሉኛል። እንዳሉት እጽፈዋለሁ፤

«ናዴዥ፣ ልጄ፤ ግራ ክንዴን ለሮዝሞንድ ሰጠኋት። ደክሟታል፣ አሳዘነችኝ። ለአለቃሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፤ ካፔስቴር ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች፣ ኖቬምበር ሰባት ቀጠሮ አላት። የአያትሽን መቃብር ቀለም ማንም አልነካም፣ ቆርቆሮው ከነክዳኑ በር ሥር ነው። ከረሜላውን ጀምሬዋለሁ። ቢጫውን ቀሚስ ሮዝሞንድ አጥባ አስጥታልኛለች። ሐኪሙም ይምጣ፣ ሮዝሞንድም ትለምነኝ፣ ቀኝ ክንዴን አላስነካም። እሱ ያንቺ ነው።»